ስልቶች ይረጋሉ ወይስ ይዞራሉ? በኤክሴል ደረጃ በደረጃ የመፈተሻ መንገድ

የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ አንብብልኝ ተብሎ ሲላክልኝ ዓይኔ ቶሎ የሚፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ስለዚህ ተጫዋቾቹ ወደ ሚዛን ነጥቡ ይደርሳሉ»። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በላይ ያለው ስሌት የሚያሳየው ሚዛን ነጥብ (ካልተነካ ነገሩ ሳይለወጥ የሚቆይበት ነጥብ) መኖሩን ብቻ ነው። መኖሩና መደረሱ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ድንጋይም እስካልነኩት ድረስ ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል፤ አንዴ ከተገፋ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የአንዱ ትርፍ በሌላው ምርጫ ላይ የሚመሠረትባቸውን ሁኔታዎች በሒሳብ ያጠናል። በዝግመተ ለውጥ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ግን ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ አያሰላም። ስልቱን ከወላጁ ይወርሳል፣ ወይም የተሳካለትን አይቶ ይኮርጃል። የበለጠ ያተረፈ ስልት በሚቀጥለው ትውልድ ድርሻው ይጨምራል፣ ያነሰው ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይኸው ነው። ጥያቄያችን ይህ ሞተር ሲሽከረከር ድርሻዎቹ የት ይደርሳሉ የሚል ነው። ደፍራሽ ውሃ ማድጋ ውስጥ ቆይቶ እንደሚረጋው አንድ ቦታ ይረጋሉ? ወይስ ዕድሜ ልክ ይዞራሉ? ከዚህ በታች «መርጋት» ስል ይህን ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እርሳስና ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ነው። ስልክ ላይም ይሠራል፤ ግራፉን ለማየት ግን ሰፋ ያለ ስክሪን ይሻላል። ሒሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የትርፍ ሰንጠረዡን በወረቀት ሥሩ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ማን ከማን ጋር ሲገናኝ ምን ያገኛል የሚለውን ጻፉ። መነሻችን የታወቀው የጭልፊትና የርግብ ጨዋታ ነው። ሐሳቡ የመጣው ጆን ሜይናርድ ስሚዝና ጆርጅ ፕራይስ በ1973 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ካወጡት ጥናት ነው፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ርግቧ ገና «አይጥ» ነበረች። ጥያቄያቸው እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሞት ሳይዋጉ ለምን ይለያያሉ የሚል ነበር።

ሁለት እንስሳት ዋጋው 4 የሆነ ምግብ ላይ ተገናኙ እንበል። ጭልፊት እስኪያሸንፍ ወይም እስኪቆስል ይዋጋል፤ ርግብ ያስፈራራል፣ ሌላው ከገፋ ግን ይሸሻል። የቁስል ዋጋ 10 ይሁን።

ጭልፊት ከጭልፊት ሲገናኝ ግማሹን ጊዜ 4 ያገኛል፣ ግማሹን ጊዜ 10 ያጣል፤ በአማካይ −3።
ጭልፊት ከርግብ ሲገናኝ 4።
ርግብ ከጭልፊት ሲገናኝ 0።
ርግብ ከርግብ ሲገናኝ 2።

የቁስሉ ዋጋ ከምግቡ ዋጋ መብለጡን ልብ በሉ። ባይበልጥ ኖሮ ጭልፊት ሁሉንም ይወርስ ነበር፣ የምንፈትሸውም ነገር አይኖርም ነበር።

2. ሊረጋባቸው የሚችሉትን ነጥቦች አስቀድማችሁ ፈልጉ

የጭልፊቶችን ድርሻ «ጭ» በሉት። ጭ 0 ሲሆን ሁሉም ርግብ ነው፤ 1 ሲሆን ሁሉም ጭልፊት። ከላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ወደ ሁለት መስመር ያጥራሉ፦

የጭልፊት ትርፍ = 4 − 7 × ጭ
የርግብ ትርፍ = 2 − 2 × ጭ

ሁለቱን እኩል ስታደርጉ ጭ = 0.4 ይወጣል። በዚህ ላይ ሁለቱን ጫፎች፣ 0ን እና 1ን ጨምሩ። ጭልፊት በሌለበት ጭልፊት አይወለድምና ጫፎቹ ሁልጊዜም ማረፊያ ናቸው። ስለዚህ ሦስት እጩዎች አሉን።

አሁን ከ0 እስከ 1 መስመር አስምሩና ቀስት ሳሉበት። ከ0.4 በታች የጭልፊት ትርፍ ይበልጣል፣ ቀስቱ ወደ ቀኝ ነው። ከ0.4 በላይ የርግብ ይበልጣል፣ ቀስቱ ወደ ግራ ነው። ሁለቱም ወደ 0.4 ያመለክታሉ። ይህ ሥዕል ለሁለት ስልት በቂ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰንጠረዡ ላይ ስህተት ስትሠሩ የሚያጋልጣችሁም እሱ ነው፤ አትዝለሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። 0.4 ላይ የሁሉም አማካይ ትርፍ 1.2 ነው። ሁሉም ርግብ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ 2 ያገኝ ነበር። ሕዝቡ የሚረጋበት ነጥብ ለሕዝቡ የሚበጀው ነጥብ አይደለም። «ተፈጥሮ የተሻለውን ትመርጣለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ረቂቃችሁ ውስጥ ካለ አሁኑኑ አውጡት።

3. የትውልድ ሰንጠረዡን ሥሩ

አምስት ዓምዶች አዘጋጁ፦ የትውልድ ቁጥር፣ ጭ፣ የጭልፊት ትርፍ፣ የርግብ ትርፍ፣ አማካይ ትርፍ። አማካዩ የጭልፊትን ትርፍ በጭ፣ የርግብን ትርፍ በ(1 − ጭ) አባዝቶ መደመር ነው። የሚቀጥለው ረድፍ ላይ ያለው አዲስ ጭ እንዲህ ይሰላል፦

አዲስ ጭ = ጭ × (10 + የጭልፊት ትርፍ) ÷ (10 + አማካይ ትርፍ)

ይህ ሬፕሊኬተር የሚባለው ቀመር በትውልድ የተከፋፈለው መልኩ ነው፤ በተከታታይ ጊዜ የሚሄደውን ፒተር ቴይለርና ሊዮ ጆንከር በ1978 አወጡት። 10ሩ ምንድን ነው? እንስሳው ከዚህ ጨዋታ ውጭ ያለው የመራባት አቅም ነው፤ «መነሻ አቅም» እንበለው። የጭልፊት ትርፍ እስከ −3 ይወርዳልና ያለ መነሻ አቅም የልጆቹ ቁጥር ከዜሮ በታች ይሆን ነበር። ሌላም ሥራ አለው፦ ትልቅ ባደረጋችሁት ቁጥር እያንዳንዱ ትውልድ የሚራመደው እርምጃ ያጥራል። ይህን ያዙልኝ፣ ስድስተኛው ደረጃ ላይ እንመለስበታለን።

በጭ = 0.1 ጀምሩ። የጭልፊት ትርፍ 3.3፣ የርግብ 1.8፣ አማካዩ 1.95። 0.1ን በ13.3 አባዝታችሁ ለ11.95 ስታካፍሉ 0.1113 ይመጣል፤ ከዚያ በታች ያለው ረድፍ 0.1233 ይላል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከመጡላችሁ ቀመሩ ትክክል ነው፣ እስከ 100ኛው ረድፍ ጎትቱት። ካልመጡ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ቅንፍ ነው፤ ኤክሴል ቅንፍ ካላገኘ መጀመሪያ ያካፍላል፣ ከዚያ ይደምራል።

4. ከአንድ መነሻ በላይ ሞክሩ

በአንድ መነሻ የተሠራ ግራፍ ስለ መርጋት ብዙም አይናገርም። ሰንጠረዡን አምስት ጊዜ ቅዱና ከ0.01፣ ከ0.1፣ ከ0.5፣ ከ0.9 እና ከ0.99 አስነሱ። ከ0.9 የተነሳው ሁለተኛ ረድፉ 0.8717 መሆን አለበት። አምስቱም መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ ሲሳሉ ወደ 0.4 ይሰበሰባሉ። መነሻችሁን በትክክል 0 ካደረጋችሁት ግን ለዘላለም 0 ነው፤ 0.01ን የመረጥኩትም ለዚህ ነው፦ ጥቂት ባዕዳን ሲገቡ ምን ይሆናል የሚለውን ያሳያል።

እንዲህ ያለ መርጋት ከወረቀት ውጭም ታይቷል። ታንጋኒካ ሐይቅ ውስጥ የሌሎችን ዓሦች ቅርፊት እየነቀለ የሚበላ ዓሣ አለ። አንዳንዱ አፉ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ የተጣመመ ሲሆን እያንዳንዱ ከኋላ መጥቶ የሚያጠቃው አንዱን ጎን ብቻ ነው። አንደኛው ዓይነት ሲበዛ ታዳኞቹ ያንን ጎን ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ ብርቁ ያተርፋል። ሚቺዮ ሆሪ በ1993 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ እንዳሳየው የሁለቱ ድርሻ ግማሽ በግማሽ ዙሪያ ይዋልላል። የጭልፊቱም ጨዋታ ምስጢር ይኸው ነው፦ ብርቅ መሆን ሲያዋጣ ቅይጡ ይረጋል።

ብርቅ መሆን ሲጎዳ ነገሩ ይገለበጣል። የአጋዘን አደን የሚባለውን ጨዋታ በዚያው ሰንጠረዥ ሞክሩ፦ አጋዘን የሚያድን ሰው ጓደኛው አብሮት ካደነ 4፣ ካልሆነ 0 ያገኛል፤ ጥንቸል የሚያድን ሁልጊዜ 3። ሁለቱ ትርፎች እኩል የሚሆኑት የአጋዘን አዳኞች ድርሻ 0.75 ሲሆን ነው፤ ነገር ግን ቀስቶቹ ከዚህ ነጥብ ይሸሻሉ። ከ0.74 ተነሱ፣ ወደ 0 ትወርዳላችሁ። ከ0.76 ተነሱ፣ ወደ 1 ትወጣላችሁ። እዚህ «ይረጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ «ከየት ተነስቶ?» የሚለው መጨመር አለበት። ስዊድን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በአንድ ሌሊት በመንግሥት ትእዛዝ ነበር። ሁሉም በግራ በሚነዳበት አገር በቀኝ የሚነዳ አንድ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማሰብ፣ ለምን ቀስ በቀስ እንደማይሆን ያስረዳል።

5. ፍጥነቱን ለኩ

ስድስተኛ ዓምድ ጨምሩ፦ ጭ ከ0.4 ያለውን ርቀት። ሰባተኛ ዓምድ ላይ የዛሬውን ርቀት ለትናንቱ አካፍሉ። ከ0.1 ስትነሱ ውጤቱ መጀመሪያ 0.96 ገደማ ነው፤ ወደ 0.4 ስትጠጉ 0.893 ላይ ይቆማል። ይህ ማለት ከነጥቡ አጠገብ ርቀቱ በየትውልዱ 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ በ6 ትውልድ በግምት ይገመሳል። ከ70ኛው ትውልድ በፊት ርቀቱ ከ0.001 በታች ይወርዳል።

«መቼ ረጋ ልበል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ዓምድ ውስጥ ነው። በዓይን ጠፍጣፋ የመሰለ መስመር በቂ አይደለም፤ ቀስ እያለ የሚሄድም ጠፍጣፋ ይመስላል። ሬሾው (የሰባተኛው ዓምድ ውጤት) ከ1 በታች በሆነ ቁጥር ላይ ከቆመ በእርግጥ እየረጋ ነው። ወደ 1 እየተጠጋ ከሄደ ገና አልተናገራችሁም፣ ረድፍ ጨምሩ።

6. ሦስት ስልት ሲሆን፦ የሚያሳስተው ክብ

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ሦስተኛ ስልት ሲገባ በመስመር ላይ ቀስት መሳል ይቀራል፣ ድርሻዎቹም መዞር ይችላሉ። ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስን ውሰዱ፤ ማሸነፍ 1፣ መሸነፍ −1፣ እኩል 0። ድርሻዎቹን ድ፣ ወ፣ መ በሏቸው።

የድንጋይ ትርፍ = መ − ወ
የወረቀት ትርፍ = ድ − መ
የመቀስ ትርፍ = ወ − ድ

አማካዩ ሁልጊዜ 0 ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ድ = ድ × (10 + መ − ወ) ÷ 10 ብቻ ይሆናል፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ከ0.4፣ 0.3፣ 0.3 ተነሱ። ሁለተኛው ረድፍ 0.4፣ 0.303፣ 0.297 ይላል፤ ድምሩ 1 መሆኑን በየረድፉ አረጋግጡ። ከዚያ ድን በአግድም፣ ወን በቁም አድርጋችሁ በነጥብ ግራፍ ሳሉት።

መጀመሪያ የምታዩት አንድ ዙር ለመጨረስ 109 ትውልድ ገደማ የሚፈጅ ክብ ነው። ረድፉን ወደ 1000 ስትጎትቱት ግን ክቡ አይዘጋም። በየዙሩ 20 በመቶ ያህል እየሰፋ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፣ አንዱ ስልት ሊጠፋ የተቃረበ እስኪመስል። ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ግራፍ ይዤ «ብዝኃነት ይጠፋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለት ሳምንት የደከምኩበትን ምዕራፍ ያፈረሰው አማካሪዬ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «መነሻ አቅሙን ብትቀይረውስ?»

እናንተም ቀይሩት። በ10ሩ ቦታ 2 አስገቡ፦ አንድ ዙር በ22 ትውልድ ገደማ ያልቃል፣ ክቡም በየዙሩ ከእጥፍ በላይ ይሰፋል። አሁን 100 አስገቡና ረድፉን ወደ 3000 ጎትቱት፦ አንድ ዙር ከ1000 ትውልድ በላይ ይወስዳል፣ መስፋቱ ግን በዙር ከ2 በመቶ በታች ነው። እርምጃው ባጠረ ቁጥር መስፋቱ ወደ ምንም ይጠጋል። ማለትም ክቡን ያሰፋው ጨዋታው ሳይሆን የእርምጃችን ርዝመት ነበር። ጊዜ ሳይቆራረጥ በሚፈስበት ስሌት ይህ ጨዋታ አይረጋም፣ አይሸሽምም፤ የተዘጋ ክብ ላይ ይዞራል።

ታዲያ መስፋቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው? አይደለም። የምታጠኑት ነፍሳት በዓመት አንዴ ተራብተው ወላጆቹ በሙሉ የሚሞቱ ከሆነ፣ ትውልድ በትውልድ መዝለል የተፈጥሯቸው እውነት ነው፣ መስፋቱም እውነት ነው። ወላጅና ልጅ አብረው የሚኖሩበት ወይም ሰዎች በየቀኑ የሚኮራረጁበት ከሆነ ግን አጭሩን እርምጃ እመኑ። የትኛው እንደሆነ ኤክሴል አይነግራችሁም፤ ስለምታጠኑት ነገር ያላችሁ ዕውቀት ነው የሚወስነው።

አሁን ማሸነፍን 2 አድርጉ፣ መሸነፍን −1 እንዳለ ተዉት። የድንጋይ ትርፍ 2 × መ − ወ ይሆናል፤ አማካዩ ከእንግዲህ 0 አይደለምና ዓምዱን መልሱት። በመነሻ አቅም 10 ክቡ ወደ ውስጥ ይጠመጠማል፤ ከመሃሉ፣ ማለትም ሦስቱም ድርሻ አንድ ሦስተኛ ከሆነበት ነጥብ፣ ያለው ርቀት በየዙሩ ከነበረው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል። በ100ም ይጠመጠማል። እርምጃው ቢቀየርም የማይቀየር መርጋት እውነተኛ መርጋት ነው። የምፈልገው ፈተና ይህ ነው።

ይህ ጨዋታ በእንሽላሊት ላይ ታይቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ወንድ እንሽላሊቶች ጉሮሯቸው ብርቱካናማ፣ ሌሎቹ ሰማያዊ፣ ሌሎቹ ቢጫ ነው። ብርቱካናማው ሰፊ ግዛት ይዞ ሰማያዊውን ይገፋል፤ ቢጫው ሴት መስሎ ወደ ብርቱካናማው ግዛት ሾልኮ ይገባል፤ ሰማያዊው ደግሞ ሴቷን ከአጠገቡ ሳይለይ ስለሚጠብቅ ቢጫው አያታልለውም። ባሪ ሲነርቮና ከርቲስ ላይቭሊ በ1996 ባሳተሙት ጥናት የሦስቱ ድርሻ ከዓመት ዓመት ተራ በተራ ሲፈራረቅ አሳዩ።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። አንዳንዱ ሰው የየትውልዱን ድርሻ ትቶ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ያለውን አማካይ ይስላል። የተዘጋ ክብ አማካይ አንድ ሦስተኛ ላይ ስለሚረጋ ግራፉ ያማረ ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን አሁንም እየዞረ ነው። አማካዩን መሳል ይቻላል፣ ስሙን «አማካይ» ብላችሁ እስከጻፋችሁ ድረስ።

7. ሕዝቡን አሳንሱ

እስካሁን ሕዝቡ ወሰን የለውም ብለን ነበር። ወደ ጭልፊትና ርግብ ተመለሱና 100 እንስሳት ብቻ አድርጉ። በየረድፉ ቀመሩ አዲስ ጭ ይሰጣችኋል፤ በአጠገቡ 100 ሴሎች ላይ ከ0 እስከ 1 የዘፈቀደ ቁጥር አውጡ፣ ከአዲሱ ጭ ያነሱትን ቁጠሩ፣ ለ100 አካፍሉ። የሚቀጥለው ረድፍ የሚነሳው ከዚህ ቁጥር ነው። ኤፍ 9 ቁልፍን በተጫናችሁ ቁጥር አዲስ ታሪክ ይወጣል።

መስመሩ 0.4 ላይ አይቆምም፣ በዙሪያው ይዋልላል። የመዋለሉ መጠን (ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ) 0.11 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ0.3 እስከ 0.5 ሲወጣ ሲወርድ ብታዩ ቀመሩ አልተበላሸም። እንስሳቱ 10,000 ቢሆኑ መዋለሉ ወደ 0.011 ይወርድ ነበር። ሌላም ነገር አለ፦ ውስን በሆነ ሕዝብ አዲስ ስልት በሚውቴሽን (በድንገተኛ የዘር ለውጥ) ካልገባ በስተቀር፣ ረጅም ጊዜ ቢፈጅም አንዱ ስልት በአጋጣሚ ይጠፋል፣ ከጠፋም አይመለስም። «ይረጋል» ስትሉ ለስንት እንስሳትና ለስንት ትውልድ እንደሆነ መናገር ያለባችሁ ለዚህ ነው።

8. ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል ወይ?

ቀመራችን ማንም ከማንም ጋር እኩል ዕድል እንዳለው ይቆጥራል። ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚወስን ቤንጃሚን ከርና ባልደረቦቹ በ2002 በኢኮላይ ባክቴሪያ አሳዩ። ሦስት ዓይነት ባክቴሪያ ነበሩ፦ መርዝ የሚረጭ፣ መርዙን የሚቋቋም፣ በመርዙ የሚሞት። እንደ ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ አንዱ አንዱን ያሸንፋል። በብልቃጥ ውስጥ እየተናጡ ሲያድጉ የሚቋቋመው ብቻ ቀረ። በሳህን ላይ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ እየተጋፋ ሲያድግ ግን ሦስቱም አብረው ቆዩ። የትርፍ ሰንጠረዡ ያው ነው፤ የተለወጠው ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ብቻ ነው። የምታጠኑት ነገር ወደ ብልቃጡ ወይስ ወደ ሳህኑ ይቀርባል የሚለውን ሰንጠረዥ ከመሥራታችሁ በፊት ጠይቁ።

9. ውጤቱን ስትጽፉ

አምስት ነገር አይቅር፦ ከየት ከየት እንደተነሳችሁ፣ የት እንደረጋ፣ የርቀቱ ሬሾ፣ መነሻ አቅሙን ስትቀይሩ የሆነውና የሕዝቡ መጠን። ለጭልፊትና ርግብ እንዲህ ይጻፋል፦ «ከ0.01 እስከ 0.99 ባሉ አምስት መነሻዎች ሁሉ የጭልፊት ድርሻ 0.4 ላይ ረጋ፤ ከነጥቡ አጠገብ ርቀቱ በትውልድ በ0.893 እየተባዛ ይቀንሳል፤ መነሻ አቅሙን ወደ 100 ስናሳድግ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ የሚረጋበት ነጥብ ግን አልተለወጠም፤ በ100 እንስሳት ሲሞከር በዚሁ ነጥብ ዙሪያ በ0.11 ገደማ ይዋልላል»።